ያልተጠራው ገበሬ

ባለቤቴ ጡረታ በወጣ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ጋቢና የእጅ ሰዓት ሸልሞ ሸኘው። ጋቢውን እዚያው ለበሰው። ሰዓቱን ግን ቤት እንደገባ «ለልጅሽ አስቀምጪለት» ብሎ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ ሰዓት ምን ያደርግልኛል? ፀሐይ አለች አይደል?» አለኝ። አንድ ነገር እንዳሰበ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን የሽኝቱ ጠላ ሞቅ አድርጎት ነው ብዬ እራቱን አቀረብኩለት።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ነገረኝ። ወደ ተወለደባት መንደር ተመልሶ ሊያርስ ነው።

መንደሯ ከጉና ተራራ ሥር ናት፤ ከደብረ ታቦር በመኪና ይሄዱና ከመንገዱ ወርደው ደግሞ አቀበቱን በእግር ይወጡታል። ልጅ ሆኖ እዚያ አርሷል። አባቱ ሲሞቱ ሞፈሩን የያዘው እሱ ነበር። ትምህርት ቤት ዘግይቶ ገባ፣ ፈጥኖ ጨረሰ፣ መምህር ሆነ። መጀመሪያ የተመደበው እዚያችው መንደር ነው፤ ብዙ ዓመት አስተማረባት። ከዚያ ሐሙሲት ርዕሰ መምህር ሆኖ ሄደ፣ ከዚያ ደብረ ታቦር ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባ፣ እኔንም እዚያው አገኘኝ። ሰው ሥራውን ሲጠይቀው «ገበሬ ነኝ፤ ለጊዜው አስተምራለሁ» ይል ነበር። ሰዉ ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለጊዜው ያስተማረው እስከ ጡረታው ድረስ ነው።

እኔ የከተማ ልጅ ነኝ። በሥራ በኩል ደግሞ አንድ ቦታ ረግቼ አላውቅም። ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። ኮምፒውተር ሲመጣ ለአንዲት ልጅ እግር ወንበሬን ሰጡና እኔን መዝገብ ቤት ወረወሩኝ። የመዝገብ ቤቱ አቧራ ደረቴን ሲይዘው ጥዬ ወጣሁና የስፌት መኪና ገዛሁ። የሙሽራ ቀሚስ ሰፋሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፋሁ፣ ዓይኔ መርፌ ማስገባት ሲያቅተው የጨርቅ ሱቅ ከፈትኩ። ሥራ መቀየር ለእኔ የኪራይ ቤት እንደ መልቀቅ ነው፤ ዕቃ መሸከሙ ያደክማል እንጂ እንቅልፍ አይነሳኝም። ለእሱ ግን እንዲያ አልነበረም። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሚፈልገው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፤ ያንን ነው ሌሎች ሥራዎች ያቆዩበት።

ተጣላን እንጂ! «በዚህ ዕድሜህ ሞፈር? ጉልበትህን አይተኸዋል?» አልኩት። ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረደና ጉልበቱን ሲዘፈዝፍ ሰንብቶ መጣ። ቤት እንደገባ ወለሉ መሐል ቁጢጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ያለ ምርኩዝ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። «አየሽ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ልጆቻችን ወጥተው ቀርተዋል፤ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ አዲስ አበባ። የባሌን እናት መሬት በእኩል ሲያርስ የኖረው የእህቱ ልጅም ባጃጅ ሊነዳ ከተማ ወርዷል፤ መሬቱ አራሽ አጥቷል። ሱቄን ለሌላ ሰው አስተላለፍኩና አብሬው ወጣሁ።

የመጀመሪያው ክረምት የደስታችን ክረምት ነበር፤ ይህን ካልተናገርኩ እዋሻለሁ። ሁለት በሬ ገዛ። መዳፉ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ደረቀ። ማታ ማታ እጁን ወደ መብራቱ አስጠግቶ እንደ አዲስ ሙሽራ እያገላበጠ ያየዋል። በመንገድ የሚያልፉ ጎልማሶች ማሳው ዳር ቆመው «ይተዉ መምህር፣ እኔ ልያዝልዎ!» ይሉታል። «ሂድ ወዲያ፣ የራስህን እረስ!» ብሎ ይመልሳቸዋል። እየሳቁ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ እንደ ጨዋታ ነበር የማየው። መንደሩ ውስጥ ከሠላሳ አምስት እስከ ሃምሳ ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ ማለት ይቻላል ፊደል የቆጠረው በእሱ እጅ ነው። አጥራችን የሚገናኘው ጎረቤታችን፣ ዛሬ የልጆች አባት የሆነው ሰው፣ ባሌን ሲያይ ያኔም ኮፍያውን ያወልቅ ነበር።

ገብሱ በኅዳር ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ ወንፈል መናገር አለብኝ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። በወንፈል ጎረቤቶች ተጠራርተው ዛሬ የአንዱን ማሳ ያጭዳሉ፣ ነገ የሌላውን። ማሳህ ላይ የዋለ ሰው ሲጠራህ አንተም ማሳው ላይ ትውላለህ። ምግቡም ቀላል ነው፤ ንፍሮ፣ እንጀራ፣ ጠላ። ደቦ ሌላ ነው። እኛ መንደር ደቦ የሚወጣው ለታመመ፣ ለአረጋዊ፣ ለቄስ፣ ለተከበረ ሰው ነው። ባለማሳው ደግሶ ያበላል፣ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ይመርቃል፣ በዚያው ያበቃል። ጉልበቱ አይመለስም፤ ማንም ለደቦ ባለቤት «ናና አንተም እጨድልኝ» አይለውም።

ባለቤቴ ቤት ለቤት ዞሮ ለወንፈል ጠራቸው። «እሺ መምህር» አሉት ሁሉም። በአጨዳው ዋዜማ ግን ደስታው አላስቀምጥ ቢለው ገበያ ወጣና በግ ጎትቶ መጣ። «ምነው፣ ንፍሮ ይበቃል አላልክም?» አልኩት። «የመጀመሪያ አጨዳዬ አይደለም እንዴ!» አለኝ። በጉ ታረደ። ያን ያህል ዘመን ከተማ መኖሩ የበደለው አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው፤ ለወንፈል በግ እንደማይታረድ ከልቡ ጠፍቶ ነበር።

በማግስቱ መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ምሳ ይዤ ስደርስ ማሳው ተጋምሷል። ባሌ ተርታው መሐል ጎንበስ ብሎ ያጭዳል፣ ያንጎራጉራል፣ ላቡ ይንጠባጠባል። ግራና ቀኙ ያሉት ሁለት ጎልማሶች ማጭዳቸውን ወደ እሱ ዘርጋ እያደረጉ ከፊቱ ያለውን ይቀንሱለት ነበር፤ ወደ ኋላ እንዳይቀር። እሱ አላየም። እኔ አየሁ፣ ደስም አለኝ፤ እንዴት ያሉ ጨዋ ሰዎች ናቸው አልኩ። ሥጋው ተበላ፣ ጠላው ተጠጣ፣ አንድ አዛውንት ተነሥተው «ዘርዎ ይባረክ፣ ጎተራዎ አይጉደል» ብለው መረቁ። አሜን አልን።

ያን ምሽት ባሌ በጣቱ እየቆጠረ «እሱ ቤት አንድ ቀን፣ እዚያ ቤት አንድ ቀን... ይኼን ሁሉ ሰው መቼ ልከፍል ነው? እስከ ጥምቀት ሌላ ሥራ የለኝም በይ» አለኝ። እንዲያ ፊቱ በርቶ አይቼው አላውቅም። ልጆቹ ሲወለዱም እንዲያ አልነበረም።

ከዚያ መጠበቅ ጀመረ። ጠዋት ማጭዱን በድንጋይ ይስላል፣ የተጣፈ ሱሪውን ይለብሳል፣ ደጅ ይቀመጣል። ሰዎች ተጠራርተው በበራችን ያልፋሉ። «እንደምን አደሩ መምህር?» ይላሉ፣ ጎንበስ ብለው። «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ያልፋሉ። እስኪርቁ ያያቸውና «የዛሬው ማሳ ትንሽ ነው መሰለኝ፤ ሰው አልበዛም» ይለኛል። ለሁለተኛው ቀን ሌላ ምክንያት ይፈልግላቸዋል። ለሦስተኛውም።

የሚገርመው እኔ ያልተጠራሁበት ቦታ የለም። የሠርግ በርበሬ ሲደለዝ፣ ጌሾ ሲወቀጥ፣ አራስ ስትጠየቅ፣ የጎረቤታችን ሚስት አጥሩ ላይ ብቅ ትልና «ነይ እንጅ አንች፣ ምን ይጎልትሻል?» ትለኛለች። የማልችለውን ነገር ሁሉ አስተማሩኝ፤ በአያያዜ ይስቁብኛል፣ እኔም እሰድባቸዋለሁ። መምጣት ያልፈለግኩት እኔ ነኝ። አልጋዬን፣ ሱቄን፣ ቧንቧዬን ጥዬ እያለቃቀስኩ የመጣሁት እኔ ነኝ። ማታ እጄ በበርበሬ ነድዶ ስመለስ ባሌ ውሃ ይቀዳልኛል፣ እጄን በቅቤ ያሽልኛል፣ «ዛሬስ ምን ሠራችሁ?» ይለኛል። ሁሉንም እንድነግረው ይፈልጋል፤ ማን መጣች፣ ማን ቀረች፣ ማን ምን አለች። እየቆየ ሲሄድ ማውራቱ አሳፈረኝ። ደክሞኛል እያልኩ ቶሎ መተኛት ጀመርኩ።

አንድ ቀን በርበሬ እየቀጠፍን የጎረቤታችንን ሚስት ጠየቅኳት። «ባሌን ለምንድን ነው የማትጠሩት? ወንፈላችሁን ሊመልስ ማጭዱን ስሎ ተቀምጧል እኮ።»

እጇን ከበርበሬው አወጣች። «የምን ወንፈል እትየ? ደቦ አይደለም ወይ የወጣንላቸው? በግ ታርዶ፣ ተመርቆ ወንፈል የት አለ?»

«እሱ ወንፈል ብሎ ነው የጠራችሁ።»

«ይበሉዋ። እሳቸው ስለ ትሕትና ነው እንዲያ ያሉት። እኛ ደግሞ እናውቃለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደሞስ መምህርን ማን ደፍሮ አጨዳ ይጠራል? ባሌን ጠመኔ አስይዘው ያሳደጉ ሰው ናቸው። 'ቶሎ በሉ' ቢላቸው፣ 'እዚህ ጋ ቀርቷል' ቢላቸው... ኸረ እመቤቴን! ምላሱ ይታሰራል።»

ተናደድኩ። ግን ሰው ባልሽን እናከብረዋለን ሲልሽ ምን ብለሽ ትጣያለሽ?

ያንኑ ቀን ለባሌ ነገርኩት። አዳመጠኝና ግንባሩን በመዳፉ መታ። «በጉ! በጉ ነዋ ያጠፋኝ!» ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩ ቀላል መሰለው። እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ወንዶቹን ሰብስቦ አስረዳቸው። ያበላሁት ሥጋ የደስታዬ ነው፣ የደቦ አይደለም፣ የእያንዳንዳችሁ ቀን አለብኝ፣ ከነገ ጀምሮ ጥሩኝ አላቸው። ሁሉም «እሺ መምህር» አሉ። «እንዴታ መምህር» አሉ። ጎረቤታችን ኮፍያውን በእጁ ይዞ «እንጠራዎታለን» አለ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ ፊታቸውን አየሁት። ከትልቅ ሰው ጋር ላለመከራከር የሚባል እሺ ነበር።

ማንም አልጠራውም። የጎረቤታችን ማሳ በሚታጨድበት ጠዋት ሳይጠራ ሄደ። ተው አልኩት። «ለሥራ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል?» ብሎ ማጭዱን ይዞ ወጣ። ተመልሶ የመጣው ረፋዱ ላይ ነው። ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር።

«ሥራ አስፈትቼ መጣሁ» አለኝ።

ማሳው ዳር ሲደርስ የሚያጭደው ሰው በሙሉ ቀና ብሎ ቆመ። ተርታው በሙሉ። እሱ ጎንበስ ብሎ መሐላቸው ቢገባም አንድም ሰው ማጭዱን አላነሣም፤ ትልቅ ሰው ሳይቀመጥ እንዴት? ጎረቤታችን እጁን ይዞ ወስዶ ወይራው ጥላ ሥር፣ ከቄሱ አጠገብ አስቀመጠው። ጋቢ አነጠፉለት፣ ጠላ ቀዱለት። ሲቀመጥ ያን ጊዜ ጎንበስ አሉና ማጨድ ጀመሩ። ልነሣ ሲል እንደገና ቀና አሉ። «ሦስቴ ተነሣሁ፣ ሦስቴ ቆሙ። ገብሱን ላላስጨርሳቸው ነው ብዬ መጣሁ» አለኝ፣ አሁንም እየሳቀ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባ። ስከተለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ወጥቼ በጓሮ በኩል ሄድኩና ደሮዎቹን ያለ ምክንያት አባረርኳቸው።

ያን ዓመት አንድ ጊዜ ተጠርቷል። ጎረቤታችን ማታ መጥቶ «መምህር፣ ነገ በጠዋት እንፈልግዎታለን፣ ከወንዙ ማዶ ነው» አለው። ሌላ አልተናገረም። ባሌ ከጎህ በፊት ተነሣ። ማጭዱን ጋቢው ሥር ደበቀው፤ ምናልባት ተጠራጥሮ ይሆናል። የተፈለገው ግን በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ሰው ከሚያጭድበት ማሳ አጠገብ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲያስታርቅ ዋለ። አስታረቃቸውም። ማታ ጋቢውን ሲያወልቅ ማጭዱ ከጎኑ ወደቀ። አላነሣውም፤ እኔ አነሣሁት።

«እንመለስ፤ ከተማ ቤት አለን» አልኩት።

«እነሱ እኮ ክፉ አይደሉም» አለኝ።

«ክፉ ናቸው አላልኩም! ክብራቸውን ይዘው ገደል ይግቡ ነው ያልኩት!»

«ተይ። ለከርሞ አውቅበታለሁ» አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ታውቂያለሽ? መማር የጀመርኩት የምመለስ መስሎኝ ነው። ትንሽ ተምሬ፣ ትንሽ ሠርቼ፣ ሁለት በሬ መግዣ ይዤ። መንገዱ ወደፊት ብቻ የሚሄድ አልመሰለኝም ነበር» አለ። እኔ ከታይፕ ወደ መዝገብ፣ ከመዝገብ ወደ ስፌት፣ ከስፌት ወደ ሱቅ ስገለባበጥ የኖርኩ ሴት ምን ብዬ ላጽናናው? እኔ አንዱን ሥራ ባጣሁ ቁጥር ሌላ ሥራ ነበረኝ። የእሱ ይኸው አንዱ ነው።

ለከርሞ አውቅበታለሁ ያለው ይህን ነበር፤ ማንንም አልጠራም። «ካልጠሩኝ አልጠራቸውም። ወንፈል የሌለው ገበሬ ብቻውን ያጭዳል» አለ። በሁለተኛው ዓመት ገብሱ አምሮ ነበር። ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል። እኔ ነዶ እሰበስባለሁ፤ ለአጨዳ የሚሆን ወገብ የለኝም። ጎልማሶቹ ማጭዳቸውን ይዘው መጡ። መለሳቸው። በማግስቱም መጡ፣ መለሳቸው። ጎረቤታችን እግሩ ሥር ሊወድቅ ሲል ትከሻውን ይዞ «መጀመሪያ የአንተን ማሳ አብረን እንጨድ፣ ከዚያ የእኔን» አለው። ሰውየው መሬት መሬት አየ። «መምህር፣ ይህንስ አያድርጉብኝ» አለ። ጉዳዩ የገባው አይመስለኝም። አዝኖ ሄደ። መንደሩም አዘነ፤ መምህር አኩርፈውናል፣ ምን በድለናቸው ይሆን እየተባለ ተወራ። ሴቶቹ እኔን ይጠይቁኛል። ብነግራቸው አይገባቸውም፤ ነግሬአቸዋለሁም።

የማሳው ግማሽ እንደ ቆመ ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ። የጉናን ብርድ የማያውቅ ሰው የኅዳርን ዝናብ አያውቀውም፤ በረዶ የተቀላቀለበት ነው፣ አጥንት ውስጥ ይገባል። ገብሱ ተኛ። የተኛ ገብስ ደግሞ ለማጨድ ከቆመው ይብሳል፤ ቁጢጥ ብለህ እየሰበሰብክ ነው። እጁን ይዤ ጎተትኩት፣ ሰደብኩት፣ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩበት። «ይበሰብሳል እኮ!» አለኝ፣ ልጅ የወደቀበት ይመስል። በዝናቡ አጨደ። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ጥርሱ ይንገጫገጭ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሳለ።

ጎረቤታችንና ጎልማሶቹ ቃሬዛ ሠርተው እስከ መኪና መንገድ አወረዱት። አንዳንዴ የሚዘጋው መንገድ ያን ቀን ክፍት ነበር፤ ለዚያስ ተመስገን። ደብረ ታቦር ሆስፒታል አስተኙት። የሳንባ ምች ነው አሉን። ኦክሲጅኑን አፍንጫው ላይ አድርገውለት ሁለት ቀን ምንም አልተናገረም። በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገለጠ።

«ገብሱስ?» አለኝ።

«ገብቷል።»

«ማን አጨደው?»

እሱ እንደ ተወሰደ መንደሩ ወጥቶ በአንድ ቀን አጭዶ፣ ዝናቡ ሲያባራ አድርቆ ከምሮታል። ጎረቤታችን በስልክ ነግሮኛል። ልዋሽለት አሰብኩ። ግን ምን ብዬ?

«ሁሉም» አልኩት። «መንደሩ ሁሉ።»

የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ከንፈሩ ግን ፈገግ አለ። «እንግዲህ ድኜ ስወጣ ከየትኛው ቤት ልጀምር?» አለኝ።

«ከጎረቤታችን ጀምር» አልኩት። «የድንቹ ቁፋሮ ደርሶበታል።»

«ድንች ለወገብ ከባድ ነው» አለ። «ግን ግድ የለም።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

አስከሬኑን መንደሩ ወሰድነው። የለቀስተኛው ብዛት ሜዳውን አልፎ እስከ ወንዙ ደረሰ። ከሐሙሲት ያስተማራቸው መጡ፣ ከደብረ ታቦር የመሥሪያ ቤት ሰዎች መጡ፣ ከየቀበሌው የማላውቀው ሰው መጣ። እኛ አገር የለቅሶ ዕለት ሙሾ አውራጇ አስቀድማ የቤቱን ሰው ትጠይቃለች፤ ሟቹ በምን ይወሳ፣ በምን ይለቀስለት ትላለች። አውራጇ እኔ ዘንድ መጣችና አጠገቤ ተንበረከከች።

«ምን ልበልላቸው እትየ?»

«ገበሬ በይልኝ» አልኳት።

ፊቴን ትክ ብላ አየችኝ። ሐዘኑ ያናገረኝ መሰላት መሰለኝ፤ ጉልበቴን ዳሰሰችኝ። «ለመምህር? ኸረ እትየ፣ ሰው ምን ይለኛል? ስድብ ይሆንብኛል እኮ» አለችና ተነሥታ ሄደች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች፦

ፊደል ያስቆጠረን ልጅ ሳለን በፍቅር፣
ምነው ዝም አለብን የእኛ መምህር?

ሜዳው በሙሉ ተቀበላት። ወንዶቹ ደረታቸውን መቱ፣ ጎረቤታችን መሬት ላይ ወደቀ። ሐዘናቸው እውነት ነበር፤ ማንም አስመስሎ አላለቀሰም። እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከሴቶቹ እጅ አመለጥኩና መሐል ገባሁ። ሙሾ አውርጄ አላውቅም፣ የከተማ ሴት ነኝ፣ ድምፄም ጎርናና ነው። እንዲያም ሆኖ አልኩት፦

እርሻ ልሂድ ብሎ ጎህ ሲቀድ 'ሚነሳው፣
ገበሬው ባሌ ነው ዛሬ ያልተነሳው!

አንድ ሰው አልተቀበለኝም። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። እርስ በርስ ተያዩ። እንደገና አልኩት፣ የባሰ ጮኼ። ጎረቤታችንን አየሁት፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ሙሾ አውራጇ ጸጥታው እኔን ያሳፈረኝ መሰላት፤ ደግ ሴት ናት፣ ልትረዳኝ ነው፣ ፈጥና መጥታ በክንዷ አቀፈችኝና የእኔኑ ዜማ ይዛ፣ የእኔኑ ግጥም አስተካክላ አነሣችው፦

ላስተምር እያለ ጎህ ሲቀድ 'ሚነሳው፣
መምህሩ ባሏ ነው ዛሬ ያልተነሳው!

ያን ጊዜ ሜዳው እንደ አንድ ሰው «ወይኔ መምህሬ!» አለ። ተቀበሏት፣ ደጋገሙት፣ እያሉትም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ሸኙት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ተከተልኳቸው። ባሌን መምህር አድርገው ቀበሩት።